የስም ፍቺና የስም ምክንያት በምዕራብ ጎጃም

፩

በአማርኛ ስም «ይወጣል» ይባላል። ሕፃን በተወለደ ጊዜ አባት ወይም እናት፣ አንዳንድ ጊዜም አያት ስም ያወጣሉ። ቃሉ እንደሚያመለክተው ስሙ ከአንድ ስፍራ ይወጣል፤ ይኸውም ከቤቱ ሁኔታ፣ ከዘመኑ ነገር፣ ከወላጆች ተስፋ ወይም ሐዘን ውስጥ ነው። ስለዚህ የመጠሪያ ስምን ትርጓሜ ለሚመረምር ሰው ሁለት ጥያቄዎች ይቀርቡለታል። የመጀመሪያው «ቃሉ ምን ማለት ነው?» የሚል ሲሆን ይህን መዝገበ ቃላት ይመልሰዋል። ሁለተኛው «ስሙ ስለ ምን ወጣ?» የሚል ሲሆን ይህን የሚመልሰው ስሙን ያወጣው ሰው፣ ወይም ከእርሱ አፍ የሰማ ብቻ ነው። በዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያው የስም ፍቺ፣ ሁለተኛው የስም ምክንያት ተብሎ ይጠራል።

ምርመራው የሚያተኩረው በምዕራብ ጎጃም፣ ከመራዊ እስከ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ባለው የገጠር አገር ላይ ነው። ይህ አገር የተመረጠበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጎጃም የዋሸራና የጎንጅ የቅኔ ቤቶች አገር በመሆኑ ቃልን በሰምና በወርቅ መመርመር ከደብተራው አልፎ በገበሬው ዘንድ የታወቀ ልማድ ነው። ሁለተኛ፣ በዚህ አገር የአባቶችንና የእናቶችን ስም በቃል ይዞ መቍጠር እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ርስት የሚያስገኝ ማስረጃ ስለ ነበረ፣ ስም ከመጠሪያነት ያለፈ ሥራ ነበረው።

ለንጽጽር የጃፓን ልማድ ይጠቅማል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ተልከው ከተመለሱ በኋላ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ካሳተሙ ወዲህ የሁለቱን አገሮች ልማድ ማነጻጸር ለኢትዮጵያ ጸሐፊዎች እንግዳ ነገር አይደለም። ጃፓኖች የመጠሪያ ስማቸውን አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፉት ካንጂ በሚባሉት፣ በጥንት ዘመን ከቻይና በተወሰዱት ፊደላት ነው። የግእዝ ፊደል ድምፅን ያመለክታል፤ ካንጂ ግን እያንዳንዱ የራሱ ትርጕም ያለው ምልክት ነው። በዚህ ምክንያት በጆሮ አንድ የሆነው ስም በጽሑፍ ብዙ ይሆናል። ዩኪ የተባለው ስም በአንድ ፊደል ሲጻፍ ከሰማይ የሚወርደውን ነጭ በረዶ፣ በሌላ ፊደል ሲጻፍ መልካም ዕድልን ያመለክታል። ሂሮሂቶ፣ አኪሂቶ፣ ናሩሂቶ የተባሉት የሦስቱ ንጉሠ ነገሥታት ስሞች የሚያበቁበት «ሂቶ» የሚጻፈው ቸርነትን በሚያመለክተው ፊደል ነው። እንግዲህ ጃፓናዊ ወላጅ ስም ሲያወጣ ድምፅንም ፊደልንም ይመርጣል፤ የመረጠውም ፍቺ በልጁ ስም ላይ ተጽፎ ይኖራል።

የጎጃም ገበሬ ለልጁ የሚያወጣው ስም በአብዛኛው ሁሉም ሰው የሚሰማው የዕለት ተዕለት አማርኛ ነው። ፍቺው ስለ ማይሰወር ምክንያቱም የታወቀ ይመስላል። ነገር ግን ከዚህ በታች እንደሚታየው ፍቺው ግልጽ በሆነ መጠን ምክንያቱ ይሰወራል፤ ተመራማሪም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

፪

በጎጃም የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ልጅ ሁለት ስም አለው። ወንድ በተወለደ በ40 ቀኑ፣ ሴት በተወለደች በ80 ቀኗ ክርስትና ሲነሡ የክርስትና ስም ይሰጣቸዋል። ይህ ስም ግእዝ ነው። ገብረ ማለት አገልጋይ፣ ወልደ ማለት ልጅ፣ ወለተ ማለት ሴት ልጅ፣ አመተ ማለት ሴት አገልጋይ፣ ተክለ ማለት ተክል፣ ሀብተ ማለት ስጦታ፣ ሣህለ ማለት ይቅርታ፣ ኃይለ ማለት ኃይል ነው። እነዚህ ቃላት ሁሉ ከሚከተላቸው ቅዱስ ስም ጋር በዘርፍ የተያያዙ ስለ ሆኑ ብቻቸውን አይቆሙም። ገብረ ማርያም «የማርያም አገልጋይ» ነው፤ «ማርያም» የሚለው ቢነሣ የማን አገልጋይ እንደ ሆነ አይታወቅም። አማርኛ ተናጋሪው ሕዝብ ይህን ስለሚያውቅ ስሙን ሲያሳጥር ገብሬ፣ ወልዴ፣ ተክሌ፣ ሀብቴ፣ ኃይሉ እያለ አዲስ መጨረሻ ይሰጠዋል። የውጭ አገር ጸሐፊዎች ግን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን «ሥላሴ» ብለው ሲጠሩ፣ የተያያዘውን ስም ለሁለት ቈርጠው የንጉሡን ስም በመለኮት ስም ይለውጡታል።

የክርስትና ስም አገልግሎቱ በቤተ ክርስቲያን ነው። በቍርባን፣ በጸሎት፣ በፍትሐትና በተዝካር የሚጠራው ይህ ነው። በብራና የሚጻፈው ክታብም የባለቤቱን የክርስትና ስም ይይዛል። በዐውደ ነገሥት ዕጣውን የሚያስቈጥር ሰው ደግሞ የራሱና የእናቱ ስም ፊደላት በቍጥር ተደምረው ይታሰቡለታል። በጃፓንም የስምን ፊደላት ጭረት ቈጥሮ የሰውን ዕድል የመገመት ልማድ አለ። በሁለቱም አገሮች ስም የባለቤቱ አካል እንደ ሆነ ይታመናል ማለት ነው። ስሙን ያወቀ በባለቤቱ ላይ ሥልጣን ያገኛል ተብሎ ስለሚፈራም በገጠር የክርስትና ስምን ለማንም መናገር አይወደድም ነበር።

ነገሥታትም በዓለም ስማቸው አልነገሡም። በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት ደጃዝማች ካሣ ነበሩ። በ1864 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የተባሉትም ካሣ ነበሩ። የጎጃሙ ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ እጅ ሲነግሡ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ። ራስ ተፈሪ መኰንንም በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ በክርስትና ስማቸው ኃይለ ሥላሴ ተብለው ነገሡ። በዚህ ላይ የጦር ሜዳው የፈረስ ስም ይጨመራል፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል ይባሉ ነበር። እንግዲህ አንዱ ሰው በእናቱ ቤት፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በዙፋንና በጦር ሜዳ በልዩ ልዩ ስም ይጠራል። የእነዚህ ሁሉ ምክንያት በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ሊታወቅ ይችላል፤ ምክንያቱ በቀላሉ የሚጠፋው የመጀመሪያው፣ በእናት ቤት የወጣው ስም ነው።

፫

የዓለም ስም የሚባለው ይህ የቤት ስም አብዛኛውን ጊዜ አማርኛ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው። የስሞቹን ሰዋስው መመርመር ስም ሲወጣ ማን ለማን እንደሚናገር ያሳያል።

አየለ፣ ከበደ፣ በቀለ፣ ታደሰ የተባሉት ኃላፊ ግሦች ናቸው፤ ስለ ልጁ ወይም ስለ ቤቱ አንድ ነገር እንደ ተፈጸመ ይመሰክራሉ። ይርጋ፣ ይልማ፣ ይሁን ምኞት ናቸው። ዓለማየሁ፣ አገኘሁ፣ ስንታየሁ በተባሉት ውስጥ የሚናገረው ወላጁ ራሱ ነው፤ ዓለምን ያየው፣ ያገኘው፣ ብዙ መከራ ወይም ደስታ ያየው እርሱ ነው እንጂ ሕፃኑ አይደለም። ጥላሁንና ዋሲሁን በተባሉት ወላጅ ልጁን ያዝዘዋል፤ ጥላ ሁነኝ፣ ዋስ ሁነኝ ይለዋል። ወርቅነሽ፣ ዓለምነሽ፣ ጥሩነሽ፣ ጌታነህ፣ አንተነህ በተባሉትም ንግግሩ ወደ ልጁ ነው። በላቸው፣ ዳኛቸው፣ ሺመልስ፣ ሺፈራው የተባሉት ከልጁ ባሻገር የቆመ ሌላ ወገን እንዳለ ያመለክታሉ፤ የሚመታ ጠላት፣ የሚዳኝ ሕዝብ፣ የሚመለስ ጦር አለ። ማንያዘዋልና ማንደፍሮ ደግሞ ለጎረቤት፣ ለባላንጣ፣ ለአገሩ ሁሉ የተሰነዘሩ ጥያቄዎች ናቸው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፣ ስም ብዙ ጊዜ ስለ ባለቤቱ የተነገረ እንዳልሆነ ነው። በአንድ ቀን በአንድ ቤት ውስጥ የተነገረ ቃል በሕፃኑ ላይ ያርፋል፤ ተናጋሪው ሲሞትና የተነገረበት ነገር ሲረሳ ቃሉ ብቻውን ይቀራል። ሕፃኑም አድጎ፣ ሸምግሎ፣ ሌላ ሰው የተናገረውን ዐረፍተ ነገር ዕድሜውን ሁሉ ይሸከማል።

በዛብህ የሚለው ስም ጥሩ ምሳሌ ነው። ይህ ስም በጎጃም የታወቀ ነው። ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጆች አንዱ ራስ በዛብህ ነበሩ። በጣልያን ወረራ ዘመን ከምዕራብ ጎጃም የአርበኞች መሪዎች መካከል አንዱ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ነበሩ። ጎጃሜው ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በተባለው ልብ ወለድም ዋናው ሰው የማንኩሳው በዛብህ ነው። የስሙ ፍቺ «በዝቶብሃል» ከማለት ጋር አንድ ስለ ሆነ አያከራክርም። ነገር ግን የበዛው ምንድን ነው? ሀብት ነው ወይስ መከራ? ወገን ነው ወይስ ጠላት? የበዛበትስ ማን ነው፤ አባትየው ነው፣ ልጁ ነው፣ ወይስ በሩቅ ሆኖ የሚሰማ ባላንጣ? ሦስት ሰዎች አንዱን ስም ተሸክመው ሦስት ልዩ ልዩ ምክንያት ሊኖራቸው ይችላል። ጃፓናዊው ዩኪ በረዶ ይሁን ዕድል በፊደሉ ይለያል፤ በዛብህን ግን የሚለይለት ፊደል የለም።

በኢትዮጵያ ልማድ ከስም ቀጥሎ የሚጠራው የአባት ስም በመሆኑ የአባትና የልጅ ስም ጎን ለጎን ይቆማሉ። በላይ ዘለቀ፣ መንገሻ ጀምበሬ፣ ሐዲስ ዓለማየሁ ሲባል አንዱ ቃል በአባት፣ ሁለተኛው በአያት ቤት የወጣ ነው። አንዳንድ አባት የልጁ ስም ከራሱ ስም ጋር እንዲገጥም አስቦ ያወጣል፤ ሌላ ጊዜ መግጠሙ የአጋጣሚ ነገር ይሆናል። ጠይቆ ያልተረዳ ሰው ሁለቱን መለየት አይችልም።

፬

ፍቺና ምክንያት እጅግ የሚራራቁት ከሞት ጋር በተያያዙት ስሞች ነው። ምትኩ፣ ተካ፣ ተካልኝ፣ ፈንታሁን የተባሉት በሌላ ሰው ስፍራ መተካትን ያመለክታሉ። ካሣ የጠፋ ነገር ዋጋ ነው። ማስረሻና አስረስ የሚያስረሳ ማለት ናቸው። በሌላ በኩል ኑርልኝ፣ ድረስ፣ ቆየ፣ ዘለቀ የተባሉት ልጁ እንዲቆይ የሚለምኑ ወይም ስለ ቆየ የሚያመሰግኑ ናቸው። ልጅ እየተወለደ የሚሞትባት እናት ደግሞ የሚያምረውን ስም ትታ ሰው የማይመኘውን፣ ዝቅ ያለውን ስም ታወጣ ነበር፤ ይህም ክፉ ዐይንና ሞት ልጁን ንቀው እንዲያልፉት ነው።

ይህ ሐሳብ የጎጃም ብቻ አይደለም። በጃፓን ታላቁ የጦር አለቃ ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ እ.ኤ.አ. በ1589 የተወለደለትን ልጅ በሕፃንነቱ «ሱቴ» ብሎ ጠራው፤ ትርጕሙ የተጣለ ማለት ነው። ልጁ በ1591 ሞተ። በ1593 ሌላ ልጅ ሲወለድለት «ሂሮይ» አለው፤ ትርጕሙ ተጥሎ የተገኘ፣ የተለቀመ ማለት ነው። ይህ ሁለተኛው ልጅ ሂዴዮሪ ተብሎ አደገ። አገሪቱን በሙሉ የገዛ ሰው ልጁን ከሞት ለመሸሸግ የድኻ እናት የምትጠቀምበትን መሣሪያ፣ ስምን፣ ተጠቀመ።

ምትኩ በተባለ ሰው ስም ውስጥ ሁለት ልጆች አሉ፤ አንዱ የሚጠራው፣ ሌላው የሞተው። ክርስትና ሳይነሣ የሞተ ሕፃን የክርስትና ስም ስለ ሌለው በፍትሐት አይጠራም፤ ተዝካርም አይወጣለትም። በገጠር የልደትና የሞት መዝገብ ስላልነበረ በመንግሥት ጽሕፈት ቤትም አይገኝም። እንዲህ ያለው ሕፃን በዓለም ላይ የተወው ምልክት ከእርሱ በኋላ በተወለደው ወንድሙ ወይም እኅቱ ስም ላይ ያለው ብቻ ነው። የስሙ ምክንያት ከተረሳ ሕፃኑ ሁለተኛ ጊዜ ይሞታል፤ የእናትየውም ሐዘን ያለ ምስክር ይቀራል።

ሆኖም ይህን ተመልክቶ «ካሣ የተባለ ሁሉ ወንድሙ የሞተበት ነው» የሚል ተመራማሪ ይሳሳታል። ካሣ ለሞተ አያት፣ በጦርነት ለወደቀ ወንድም፣ በሙግት ለተነጠቀ ርስት፣ ለፈረሰ ትዳር ሊወጣ ይችላል። ተካም ሹመቱን ያጣ አባት ተስፋ ሊሆን ይችላል። ከዚህም በላይ ስም አንድ ጊዜ ከተለመደ ያለ ምክንያት ይወርዳል፤ አባት ስለ ወደደው፣ የታወቀ ሰው ስለ ተጠራበት፣ ወይም ድምፁ ስላማረ ብቻ ይወጣል። ስለዚህ በአንድ ወረዳ የሚገኙትን ካሣዎችና ምትኩዎች ቈጥሮ በዚያ ዘመን የሞቱትን ሕፃናት ለመገመት መሞከር መሠረት የሌለው ሥራ ነው። ስሞቹ አንድ ዘመን ሞትን እንዴት ይናገርበት እንደ ነበረ ያሳያሉ፤ ስንት ሰው እንደ ሞተ ግን አይቈጥሩም።

የዚህ ወገን ስሞች ምክንያት እየራቀ የሄደው በመልካም ነገርም ጭምር ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1990 በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 200 ያህሉ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2019 በተደረገው ጥናት ይህ ቍጥር እጅግ ቀንሶ ተገኝቷል። ልጇ እንደሚያድግላት ተስፋ ያላት እናት ኑርልኝ ብላ የምትለምንበት ምክንያት ያንሳል።

፭

የምዕራብ ጎጃም ስሞች ሌላ ታሪክም ተሸክመዋል። በዚህ አገር አንድ ሰው ርስት የሚጠይቀው ከአንድ አቅኚ አባት መወለዱን በመቍጠር ነበር። ቈጠራው በአባት ወገን ብቻ የሚሄድ አልነበረም፤ በእናትም፣ በአያትም፣ በሴት ቅድመ አያትም በኩል ይወጣል። መሬቱን መጀመሪያ የያዘው ዋና አባት፣ ከእርሱ በታች ያሉት ምንዝር አባት ይባላሉ፤ የወገኑ ጠበቃ ሆኖ የሚቆመው ደግሞ ፈጅ ይባላል። አሜሪካዊው የኅብረተ ሰብ ተመራማሪ አለን ሆበን ይህን ሥርዓት በደጋ ዳሞት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1973 በመጽሐፍ አሳትመዋል።

የዚህ ሥርዓት ውጤት ለስም ታሪክ ትልቅ ነው። የኢትዮጵያ የአጠራር ልማድ ልጅን ከአባቱ፣ አባትን ከአያቱ ጋር ብቻ ስለሚያያይዝ የእናቶች ስም በሁለት ትውልድ ይጠፋል። ርስት ቈጣሪው ግን መሬቱ በእናቱ በኩል ከመጣ የእናቱን ስም፣ የእናቷን ስም፣ የአያቷን ስም በዳኛ ፊት መጥራት ግድ ይሆንበታል። በዚህ ምክንያት ከብዙ ትውልድ በፊት የነበረች ሴት ስሟ በገበሬ አፍ ይኖር ነበር። የእናት ስም በቃል እንዲያዝ የሚያስገድዱ ሁለት ስፍራዎች ነበሩ ማለት ነው፤ አንዱ የርስት ሙግት፣ ሁለተኛው ዕጣን የሚቈጥረው ዐውደ ነገሥት ነው።

ገበሬው ይህን የስም ሰንሰለት እንዴት ይጠብቀው እንደ ነበረ በ1960 ዓ.ም. ታየ። መንግሥት አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር በደነገገ ጊዜ የጎጃም ገበሬ መሬቱ ተለክቶ ርስቱ ሊጠፋ ነው ብሎ ስለ ፈራ ሸፈተ፤ ዐመፁም እስከሚቀጥለው ዓመት ቆየ። የፈራው ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሌላ መንገድ ደረሰ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ በዘር ቈጠራ ርስት መጠየቅ ቀረ። ዐዋጁ ለብዙ ገባርና ጢሰኛ ነፃነት ነበረ። ከዐዋጁ ጋር ግን ስምን በቃል የመያዝ አንዱ ትልቅ ምክንያት ጠፋ፤ ይልቁንም የሴቶች ስም መታሰቢያውን አጣ። አባቱን እስከ ሰባት ትውልድ የሚቈጥር ሰው የእናቱን ወገን ከአያቱ በላይ ለመቍጠር የሚያስገድደው ነገር የለም።

የፖለቲካው ለውጥ አዲስ ስሞችንም አመጣ። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ለተወለዱ ሕፃናት አብዮት የሚል ስም ወጥቷል። ይህ ቃል ከዚያ በፊት የሰው ስም ሆኖ ያልተለመደ በመሆኑ ዘመኑን ያለ ማመንታት ያመለክታል። የዚህ ስም ፍቺና ምክንያት ይቀራረባሉ፤ ግን አባት በደስታ ይሁን ዘመኑን ለመምሰል ብሎ እንዳወጣው ስሙ አይናገርም።

፮

ግእዝ ድምፅን የሚጽፍ ፊደል ነው ቢባልም የካንጂን ሥራ በከፊል የሚሠራበት ስፍራ አለው፤ ይኸውም ሞክሼ ፊደላት ዘንድ ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሠና ሰ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ሆኗል፤ በግእዝ ግን ትርጕም ይለያሉ። አመተ ማርያም በአልፋው አ ሲጻፍ «የማርያም አገልጋይ» ነው፤ በዐይኑ ዓ ከተጻፈ «የማርያም ዓመት» ይሆናል። ሠረቀ በንጉሡ ሠ «ወጣ፣ በራ» ማለት ስለ ሆነ ሠረቀ ብርሃን «ብርሃን ወጣ» ይባላል፤ በእሳቱ ሰ የጻፈው ግን ልጁን ሌባ ያደርገዋል። መሐሪ በሐመሩ ሐ «ይቅር ባይ» ሲሆን በሃሌታው ሀ የሚጻፈው ከማስተማር ወገን ነው። ኅሩይ የተመረጠ ማለት የሚሆነው በብዙኃኑ ኀ ሲጻፍ ነው። ሐዲስ የሚለው ስም ሐን ሲይዝ ግእዝነቱን ያሳያል፤ በአ ሲጻፍ የዕለት አማርኛ ይሆናል።

የቦታ ስምም ከዚህ አያመልጥም። ፍኖተ ሰላም በግእዝ «የሰላም መንገድ» ነው፤ ማንበብ የሚችል ሁሉ ይረዳዋል። የሜጫዋ ከተማ ግን መራዊም መርዓዊም ተብላ ትጻፋለች። መርዓዊ በግእዝ ሙሽራ ማለት ነው፤ ዓ ሲወድቅ ሙሽራውም ከቃሉ ውስጥ ይወጣል። ሜጫ የሚለው ስም ራሱ ከዓባይ ማዶ የመጣውን የኦሮሞ ጎሣ ያስታውሳል፤ በዚህ መንገድ አንድ ወረዳና ዋና ከተማው የሁለት ቋንቋዎችን ታሪክ ጎን ለጎን ይዘዋል።

ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ ወይስ ይቆዩ የሚለው ክርክር ከብዙ ዐሠርት ዓመታት ጀምሮ የቆየ ነው። ለጋዜጣና ለትምህርት ቤት ማቅለሉ የሚጠቅም ሊሆን ይችላል። በስም ላይ ግን ፊደሉ ሲጠፋ ፍቺውም አብሮ ይጠፋል። የመዝገብ ጸሐፊው ሠረቀን ሰረቀ ብሎ ሲመዘግብ ባለቤቱ ቢጠራበት ድምፁ ያው ነው፤ ትርጕሙን የለወጠው ብዕሩ ነው። ወደ ላቲን ፊደል ሲዛወር ደግሞ ሠ ከሰ፣ አ ከዐ፣ የጠበቀውም ከላላው መለየቱ ይቀራል።

፯

የጃፓን የሕግ ታሪክ በዚህ ጕዳይ የሚያስተውሉት ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 በሥራ ላይ የዋለው የቤተ ሰብ መዝገብ ሕግ የልጆች ስም ለጠቅላላ አገልግሎት በተወሰኑት 1,850 ካንጂዎችና በድምፅ ፊደሎቻቸው ብቻ እንዲጻፍ አዘዘ። ወላጆች ለስም የሚፈልጓቸው ፊደላት ስለ ቀሩባቸው ቅሬታ ተነሣ፤ በ1951 መንግሥት 92 ካንጂዎች ለስም እንዲፈቀዱ ጨመረ፤ ከዚያም ወዲህ ዝርዝሩ ብዙ ጊዜ ሰፍቷል። መዝገቡ ግን ፊደሉን ይይዝ እንጂ ስሙ እንዴት እንደሚነበብ አይጽፍም ነበር። ከግንቦት 2025 ጀምሮ ንባቡም እንዲመዘገብ ታዘዘ። የጃፓን መዝገብ ፍቺውን ይዞ ድምፁን ሲፈልግ ኖረ ማለት ነው።

የኢትዮጵያ መዝገብ ችግሩ በተቃራኒው ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ቢደነግግም ሕዝቡ በራሱና በአባቱ ስም መጠራቱን አልተወም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ዐዋጅም ልደትና ሞት በመላ አገሪቱ እንዲመዘገቡ አዘዘ። ይህ ታላቅ እርምጃ ነው፤ ያለ ስም የሚሞቱት ሕፃናት ቢያንስ በቍጥር ይታወቃሉ። ሆኖም መዝገቡ የሚይዘው ድምፁን ነው። ስሙን ማን እንዳወጣው፣ ስለ ምን እንዳወጣው፣ በየትኛው ፊደል ሊጻፍ እንደሚገባው የሚጠይቅ ዐምድ የለውም። ይህ የመዝገብ ሥራ አይደለም ቢባል ያስኬዳል፤ እንግዲያስ የታሪክና የባህል ተመራማሪ ሥራ ይሆናል።

ሥራው ከባድ አይደለም። የገጠር ሕይወትን የሚያጠና ተማሪ ወደ መራዊ፣ ወደ ቡሬ ወይም ወደ ማንኩሳ ሲወርድ የሚያነጋግራቸውን ሰዎች ስም እንደሚጽፍ የታወቀ ነው። ከስሙ አጠገብ ያወጣውን ሰው፣ የወጣበትን ዘመን፣ የሚነገረውንም ምክንያት አንድ መስመር ቢጨምር ይበቃል። የአንድ ቤት ልጆች ስም በልደት ተራ ቢጻፍ ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ብቻውን ሲታይ የማይናገር ስም ከታላቁና ከታናሹ መካከል ሲቀመጥ ይናገራልና። የእናት ስምና የእናቷ ስምም መጠየቅ አለበት። ምክንያቱ የማይታወቅ ሲሆን «አልታወቀም» ብሎ መተው ከመዝገበ ቃላት ፍቺ አውጥቶ ታሪክ ከመሥራት ይሻላል።

ጥያቄው ጊዜ አይሰጥም። ከ1967 ዓ.ም. በፊት በዳኛ ፊት ቆመው ዋና አባትና ምንዝር አባት የቈጠሩት ሰዎች አርጅተዋል፤ ብዙዎቹም አልፈዋል። ምትኩን ምትኩ ብለው የጠሩት እናቶችም እንዲሁ። ስሞቹ በልጆቻቸውና በልጅ ልጆቻቸው መታወቂያ ላይ የአባትና የአያት ስም ሆነው ለረጅም ዘመን ይኖራሉ፤ ምክንያታቸውን የሚያውቁት ግን ዛሬ በሕይወት ያሉት ጥቂት አረጋውያን ናቸው።